ቡለር ወይስ ባው ባው

ጁላይ 5 ቀን 2014፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ዩኒፎርሜ ሂተሩ ፊት ተንጠልጥሏል፣ አሁንም እርጥብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳደርቅ የምውል ሴትዮ የራሴን ሸሚዝ ማድረቅ አቃተኝ። ውጪ ዝናብ። ጌታቸው ሥራ ገብቷል፣ የጠዋት ሺፍት ነው፣ አውቶቡሱን ይነዳል። ስለዚህ ደብተሬ፣ አንድ ሰዓት ለኔና ላንቺ።

ትናንት ዮናስ ጄስን ይዟት መጣ። (እርጅና መጥቶ ብረሳ ልጻፈው፦ ዮናስ ልጄ፣ 27 ዓመቱ፣ ኤሌክትሪሺያን። ጄስ ሁለት ዓመት ተኩል አብራው ያለች የፈረንጅ ልጅ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ።) ስትገባ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ሽሮ ሁለቴ ታስጨምራለች። ጌታቸው እሷን ሲያናግር እንግሊዝኛውን ቀስ ያደርጋል፣ እሷ ደግሞ ከሱ ይበልጥ ቀስ ትላለች፣ አንድ ወሬ እስኪያልቅ ሻዩ ይቀዘቅዛል። እወዳታለሁ። አለቀ።

ወሬው ይሄ ነው። ወላጆቿ፣ ግሬግና ሱ፣ ኦገስት 9 ቅዳሜ ቡለር ተራራ መጥታችሁ እደሩ አሉን። እስካሁን ያየናቸው አንዴ ብቻ ነው፣ ዮናስ ልደት ላይ፣ ሰው በተጨናነቀበት ሬስቶራንት። ግሬግ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ክረምቱን በሙሉ ተራራው ላይ ነው፣ ከነሚስቱ። የስኪ (የበረዶ መንሸራተት) ክለባቸውን ቤት ይጠብቃል። ሎጅ ይሉታል። ብዙ ቤተሰብ አብሮ ያድራል፣ ወጥ ቤቱ አንድ፣ አልጋው ተደራራቢ። ጄስ ስኪ የተማረችው እዚያ ነው፣ በእግሯ በሄደች በማግስቱ። እኔ አስራ ስድስት ዓመት ሜልበርን ኖሬ በረዶ የማውቀው በቴሌቪዥን።

ጌታቸው "እናያለን" አለ። የሱ "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሊወጡ ሲሉ ዮናስ ወደ ወጥ ቤት ጎተተኝ። ቀለበት ገዝቷል። ተራራው ላይ ሊጠይቃት ነው። ለአባ እንዳትነግሪ አለኝ፣ ለማንም። ማልኩለት። እነሱ ሲሄዱ ድስት እየፈተግኩ አለቀስኩ። የደስታ ነው።

ጁላይ 7፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገርኩት። ሁለት ቀን ቻልኩ፣ ከዚያ በላይ አልተፈጠርኩበትም። ትናንት እራት ላይ ብቻሽን ምን ያስቅሻል ሲለኝ አመለጠኝ።

መጀመሪያ ደስ አለው። አየሁት እኮ፣ ጎርሶ ማኘክ ረሳ። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረገና ማሰብ ጀመረ። የሚያስፈራኝ የሱ ማሰብ ነው። ሽማግሌ ሳይላክ? የልጅቷን አባት ሳንጠይቅ ቤቱ ገብተን፣ እራቱን በልተን፣ አልጋው ላይ ተኝተን፣ ጠዋት ልጃችን ከኪሱ ቀለበት ያወጣል? ምን ተብለን ነው የምንገባው፣ እንግዳ ነን ወይስ አማች? አባቴ ቢሰማ ከመቃብር ይነሳል አለ። ሲጨንቀው አባቱን ያስነሳቸዋል።

ቀኑንም ቆጠረ። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። ሰዎቹ በግ ጠብሰው ሊጠብቁን፣ እኛ ዳቦ ስንቆርስ ልናመሽ።

ዛሬ ታዲያ ከዲፖ፣ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት፣ ሌላ ተራራ ይዞ መጣ። ባው ባው። ትንሽ ነው፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው ብለውታል የሥራ ጓደኞቹ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ኦገስት 2፣ ከጾሙ በፊት፣ ካቢን፣ ትንሽ የእንጨት ቤት፣ እንከራያለን። እኛ እንጠራቸዋለን። ዶሮ እሠራለሁ። ግሬግና ሱ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ሽማግሌዎች ተነስተው ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዮናስ ቀለበቱን ያውጣ። ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በረዶው እንዳያንሸራትት ጎማው ላይ ሰንሰለት የቱ ጋ እንደሚታሰር አሳየኝ። ዳገት ሲያይ ፊቱ ይበራል ይሄ ሰውዬ። ስወደው።

እኔም ባው ባው አልኩ። ለምን አልልም? የራሴ ድስት፣ የራሴ ቤት፣ የራሴ እንግዳ።

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

መጥፎ ቀን። አጭር እጽፋለሁ።

ዮናስ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ጌታቸው ካርታውን ዘረጋለትና የባው ባውን ሐሳብ፣ ሽማግሌውን ጭምር፣ ነገረው። ልጄ ካርታውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እንዲያ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው።

ግሬግ ሰሌዳ ላይ ስማችንን ጽፎ አልጋ ሁሉ ደልድሏል አለ። ሱ ጉልበቴን አስታውሳ የታችኛውን አልጋ ለኔ አድርጋለች። አሁን አንመጣም፣ እናንተ ወደኛ ኑ ልንላቸው ነው? ጄስ ያደገችበት ቡለር ነው፣ እሷ እዚያ ብትጠየቅ ደስ ይላታል። ሽማግሌ የሚባለውን ደግሞ እርሱት፤ የምትጠየቀው ራሷ ናት፣ አባቷ አይደለም።

ጌታቸው ድምፁን አላነሳም። ቢያነሳ ይሻል ነበር። እናትህን እኔ መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት? አለው። ሦስት ሰው ልኬ፣ ሁለቴ ተመልሶብኝ ነው። እንዳንተ ቢሆን ምን ነበርን?

ዮናስ ተነሳ። "ካልመጣችሁ፣ ያለ እናንተ ይሆናል።"

በአማርኛ ነው ያለው። ሲናደድ በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ግማሹን ሳልሰማው ስለሚያልፍ ይሻለኝ ነበር። ይሄን ግን እያንዳንዷን ፊደል ሰማኋት።

ጌታቸው ወጥቶ መኪና አጠበ። በዝናብ።

ጁላይ 13፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ከቤ/ክ መልስ ብቻዬን አስኮት ቬል ሄድኩ፣ ጋሼ ወንድሙ ጋ። እዚያ ፎቁ ላይ ይኖራሉ፣ ሰባተኛ ወለል ላይ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን። ጌታቸው እንደ ታላቅ ወንድም ነው የሚያያቸው። ማንን ሽማግሌ እንደሚልክ አልነገረኝም፣ ግን ያለ እሳቸው አይሆንም።

ሁሉን ነገርኳቸው። ቀለበቱን፣ ሁለቱን ተራራ፣ የተባለውን። ሰምተው ሰምተው ሳቁ። ምኑ ያስቅዎታል ብዬ ተቀየምኩ።

እሳቸው ያገቡት ገዳሪፍ ነው፣ ሱዳን፣ ስደት ላይ። ሙሽሪት ዘመድ የሚባል አልነበራትም። ስለዚህ አባት ተፈለገላት። አንድ ልብስ ሰፊ፣ በወጉ እንኳ የማያውቃት ሰው፣ እሺ አባት እሆናለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ድረስ ሄደው ቆሙ። ያ ልብስ ሰፊ ምን ቢል ጥሩ ነው? ልጄን በአንድ ቀን አልሰጥም፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ። ጋሼ እንዴት ተናድደው እንደነበር! ባለቤታቸው ግን እስክታርፍ ድረስ ያን ሰው አባዬ ነበር የምትለው፣ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

ከዚያ ዞር ብለው ስለ ባው ባው ጠየቁኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰውየውን ቤትሽ ጠርተሽ፣ ዶሮ አብልተሽ፣ ከዚያ ልጅህን ስጠን? ይሄ መጠየቅ አይደለም፣ ማስገደድ ነው። ጠያቂ ነው ወደ ደጅ የሚሄደው።"

ክው አልኩ። እውነታቸውን ነው እኮ። ወግ ይጠበቅ ብሎ ቤቱን ያመሰው ባሌ ወጉን ራሱ ገለበጠው፣ እኔም ስለ ዶሮዬ ሳስብ አላየሁትም። የግሬግ ደጅ ክረምቱን የት ነው? ቡለር ላይ። ስለዚህ ሽማግሌው ቡለር ይወጣል። ሌላ መንገድ የለም።

በዚህ ጉልበትዎ በረዶ ላይ? አልኳቸው። ሽማግሌነት በጉልበት ሆኖ አያውቅም አሉኝ። ሊፍቱ ድረስ ሸኙኝ።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

ለጌታቸው ነገርኩት፣ በጋሼ ወንድሙ አፍ። በኔ አፍ ቢሆን ክርክር ነበር። ካርታውን አጠፈ። ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ደረሰኝ እስኪያንስ ድረስ አጥፎ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቁምሳጥን ከፍቶ ሙሉ ልብሱን አወጣ። በረዶ ላይ ሙሉ ልብስ? አልኩት። ከላይ ጃኬት ይደረብበታል አለ።

ተራራው ተመረጠ እንግዲህ። ልጁ ግን የለም። ስልክ አያነሳም። ሦስቴ ደወልኩ። ቡለር ብንልም ሽማግሌ አልፈልግም ካለስ? ጌታቸው ያለ ሽማግሌ አይሄድም። አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፣ በዚህ ጎኑ አይገለበጥም።

ሥራ ላይ አንሶላ ሳጥፍ ጫፍና ጫፉ አልገጥም አለኝ።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጉድ ሠራሁ። ጉድ።

ጄስ መጣች። ብቻዋን፣ ሳትደውል። የበረዶ ካልሲ ይዛልኛለች፣ የሱፍ፣ ሁለት ጥንድ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ እንግዳ። አንጀቴን በላችኝ። እንደማትመጡ ዮናስ ነገረኝ አለች። ለምን እንደሆነ አልነግርሽ አለኝ። ፈረንጅ ስለሆንኩ ነው? አለችኝ። በዚያ በቀስታ በምትናገረው እንግሊዝኛዋ፣ እንዲገባኝ ብላ።

አይደለም፣ አይደለም አልኩ። በጣም ስለምንወድሽ ነው፣ አክብረን ልንመጣ ስለፈለግን ነው። ወጋችንን ላስረዳሽ። ተነሳሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይሄዳሉ። በር ላይ ይቆማሉ። ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም፣ የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማ። እንዲህ ይቆማሉ፣ እጃቸውን እንዲህ አድርገው። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ለአባትሽ ይላል፣ ልጅህን ለልጃችን ስጠን። እየቆምኩ እየጎነበስኩ ሁሉን አሳየኋት። ትያትር ነው የሠራሁት።

ጨርሼ ዞር ስል አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

ያኔ ገባኝ። ልጄ ገና አልጠየቃትም። ስለ ቀለበቱ አታውቅም። እኔ ጠየቅኳት። ሳሎኔ መሃል፣ ሽርጥ ታጥቄ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሷ ግን ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ትስቃለች ይሁን ታለቅሳለች አላወቅኩም፣ ትከሻዬ ረጠበ። አንዴ ከተበላሸ ብዬ ጠየቅኳት፣ ታዲያ ምን ትያለሽ? እሺ አለች። ስለዚህ ከዮናስ በፊት እሺ ያለችው ለኔ ነው። ይሄን ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኝ ነበር።

ለዮናስ ላትነግር ማለች። (እሷ ከኔ የተሻለ ትችላለች ብዬ አምናለሁ።) ስለ ሽማግሌው ደግማ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አባቷ ምን ማለት አለበት? ልጁን የሚወድ አባት በዚያው ቀን እሺ አይልም አልኳት። ተመለሱ ይላል። አባቴ እኮ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሺ ነው የሚለው፣ ዮናስን ይወደዋል አለች። እንግዲያው ምከሪው አልኳት። ብታዪ ደስታዋን። ለኔ ብለው ሦስት አዛውንት ሲቆሙ ማየት እፈልጋለሁ አለች፣ እኔ ምን አድርጌ እንዲህ ይቆምልኛል?

ምን ታደርጊ፣ ልጄ። መኖርሽ ይበቃል።

ጁላይ 25፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

መጣ።

ጌታቸው ከሥራ ገብቶ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሯል። እኔ ምስር እያማሰልኩ። ዮናስ በሩን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብቻ፣ ጄስ አንድ ቀን ባገባም ሽማግሌ ካልመጣ አይሆንም ትላለች አለኝ። እኔ ምንም አልነገርኳትም እማ፣ ሽማግሌ የሚባለውን ከየት ሰማች? ምስሩን አማሰልኩ። ምስር እንደዚያ ተማስሎ አያውቅም። ሲሪየስሊ እማ? አለኝ። ዞር አልልም አልኩ በሆዴ። ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት። ሁለት ሳምንት ያልሰማሁት ሳቅ።

ከዚያ ሳሎን ገባ። ማማሰያውን ይዤ ተከተልኩት። አባቱ አጠገብ፣ ሳፋው ጎን፣ ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም አለ። ጌታቸው ውሃውን ያያል።

"አባ፣ ሽማግሌ ላክልኝ።"

ጌታቸው እግሩን ከውሃው አወጣ።

"ሦስት ይበቃሃል?"

ዮናስ ፎጣ አንስቶ የአባቱን እግር አደረቀለት። ወንዶች እንዲህ ናቸው፣ በቃ ይሄው ነው። እኔ ምስሬን አሳረርኩ፣ ሦስታችንም በላነው፣ ማንም አረረ አላለም።

ኦገስት 3፣ እሑድ

ሥራ በዝቷል። ሽማግሌዎቹ፦ ጋሼ ወንድሙ፤ ከበደ፣ የጌታቸው የዲፖ ጓደኛ፤ አቶ ሰይፉ፣ የቤ/ክ ጸሐፊያችን፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ። ውሃ የማያስገባ ሱሪ ወደሚያከራይ ቤት ወሰድኳቸው። ጋሼ ወንድሙ ብርቱካንማውን መረጡ። ጥቁር አለ እኮ ጋሼ ብላቸው፣ ከጠፋሁ በምን ታገኙኛላችሁ አሉ።

ዓርብ ማንስፊልድ እናድራለን፣ ተራራው ሥር ያለችው ከተማ። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌ ይወጣል። ምላሽ ሳይገኝ እኛ ሎጁን አንረግጥም፣ ውሃም አንቀምስም። ጌታቸው ይሄን ሦስቴ ነገረኝ። እሺ አልኩት ሦስቴ።

ሱ ደወለች። ስለ ጾሙ ጄስ ነግራታለች፣ ግን ከኔ መስማት ፈለገች። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ቺዝስ? አለች። ቺዝም። ዱባ አለኝ አለች መጨረሻ ላይ፣ በጣም ደክሟት። እንዳትቸገሪ ብላት አልሰማችኝም፤ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ዝንጅብል ሃያ ደቂቃ አወራን። ከስልኩ በኋላ ጓደኛ ያገኘሁ መሰለኝ።

ኦገስት 8፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ማንስፊልድ፣ ሞቴል

በመስኮቱ ይታያል። ነጭ። ደመና መስሎኝ ነበር፣ ጌታቸው ነው ተራራው እኮ ነው ያለኝ።

ግድግዳው ስስ ነው። እዚያ ማዶ ጋሼ ወንድሙ የሚናገሩትን በእንግሊዝኛ ይለማመዳሉ፣ አቶ ሰይፉ ያርማቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ እሱን መልሰው ያርሙታል። ከበደ ሲስቅ ይሰማል።

ጌታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክራቫቱን ይፈታል፣ ያስራል። ቢያፍርብንስ? አለኝ። ማን? ልጁ? አልኩት። አዎ፣ ዮናስ። በሰው ፊት፣ በጄስ ጓደኞች ፊት፣ አባቱና ሦስት ሽማግሌ። ልጅ አባቱን የሚያፍርበት ዕድሜ አለ፣ አልፎ ይሆን? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። ክራቫቱን ከእጁ ወሰድኩና አሰርኩለት፣ ነገ መሆኑን እያወቅኩ። አልፏል አልኩት።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ ቡለር

ከሎጁ ማዶ ካፌ ውስጥ ነኝ። እጄ በርዶኛል፣ ፊደሌ ቢጣመም ነው። በረዶውን ነካሁት። ጓንቴን አውልቄ። አዲስ የተነፋ ዱቄት ነው የሚመስለው፣ ከዚያ እጅ ላይ ይጠፋል። ዮናስ ፎቶ አነሳኝ።

ሦስቱ ገቡ። ጋሼ ወንድሙ ከፊት፣ ብርቱካንማው ሱሪ፣ ከላይ ነጭ ጋቢ። ስኪ ይዘው የሚያልፉ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እኛ ሦስታችን መስኮቱ ሥር። እንፋሎቱን በክርኔ እጠርጋለሁ። ጌታቸው ሻይ አላዘዘም። ዮናስ ኪሱን ይነካል፣ ቀለበቱ እዚያ ነው።

5፡25። አልወጡም።

5፡40። ወጡ። ጋሼ ወንድሙ እየሳቁ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ሳሎኑ ሰው ሞልቶበት ነበር አሉ፣ ፒጃማ የለበሰ ሁሉ። ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አንዱ ዳቦ የሚጠብስ ሰውዬ እነሱ ሲቆሙ እሱም ቆመ፣ ከዚያ ሚስቱ ቆመች፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ፣ ለምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ። ጋሼ ተናገሩ። ግሬግ ፊቱ ቀላ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ልጄ አንድ ናት፣ ከናቷ ጋር ልማከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለ።

"ልጁን የሚወድ ሰው ነው" አሉ ጋሼ። እንደ ትልቅ ሽልማት ነው የነገሩን።

ጌታቸው እኔን አየኝ፣ እኔ መሬት። ምላሽ ካልተገኘ አንገባም ያልነው እኛ፣ ምላሽ አታግኙ ብዬ ያስመከርኩት እኔ። ሁለት ሳምንት። ሱ ደግሞ ለኛ ስትል ዱባ ስትቀቅል ሰንብታለች። ጌታቸው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ቁልቁል እንውረድ ሊል ነው ብዬ ሻርፔን አነሳሁ።

ግሬግ መጣ። ያለ ኮት፣ በቤት ጫማ፣ በረዶው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ እየዋጠው። የካፌውን በር ከፍቶ ቆመ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ተሳሳትኩ? አለ፣ ለጌታቸው። ጄስ እንዲህ በል ስላለችኝ ነው፣ አጠፋሁ? ሱ ሾርባውን አውጥታለች፣ ዘጠኝ ሳህን፣ የምሳ ሰዓት እስኪደርስ እጠብቃለሁ ብላ ተቀምጣለች። ማዶ ጄስ የሎጁ ደረጃ ላይ ቆማ ታያለች።

አላጠፋህም አለው ጌታቸው። ጥሩ አድርገሃል። እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ከዚያ ቁልፉን እጁ ላይ ገለባብጦ አየው። ዮናስ አባቱን ያያል፣ አይለምንም። ልጄ እንዲህ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም።

"ለሁለት ሳምንት የተቀጠሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው" አለ ጌታቸው በአማርኛ፣ ለኛ። "እኛን ማን ቀጠረን?"

ጋሼ ወንድሙ ቀድመው ተነሱ። ጌታቸው ጃኬቱን አውልቆ ግሬግ ትከሻ ላይ ጣለበት፣ ራሱ በሙሉ ልብሱ ወጣ። ዮናስ በሩን ይዞልኛል፣ እማ ደብተሩን ተይው ይለኛል። ልሂድ፣ ሱ እየጠበቀችኝ ነው።